ለአሥራ ሁለት ቁጥር ቆላ የወረድሁበት አራት ቀን

እጄ ብዕር የለመደ አይደለም። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎልማሳ ሆኜ፣ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ከሚስቴ ጎን ተቀምጬ ነው፤ እሷ ከእኔ ቀድማ ለየች። ስለዚህ ጽሑፌ ቢጣመም አንባቢ ይታገሠኝ። የምጽፈውም የሰፈራችን ሰው እየመጣ «ቆላ ወርደህ ምን አየህ? የልጅህ ገንዘብስ እንዴት ሆነ?» እያለ አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ስላስወራኝ ነው። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ይህን ያንብብ። ማንበብ የማይችል ያስነብብ።

ነገሩ የተነሣው ከልጄ ከአበጀ ነው። አበጀ የእኔና የሟች ሚስቴ አንድ ልጅ ነው። እንጅባራ ተምሮ ተመረቀ፤ ሥራ ሲያጣ ዐረብ አገር ሄደና በአንድ ትልቅ ሕንፃ በር ላይ ጥበቃ ሆነ። አራት ዓመቱ ነው። ላቡን የሚያስቀምጠው ባንክ አይደለም፤ ክሪፕቶ በሚሉት ነገር ነው። መጀመሪያ ሲነግረኝ ተቆጣሁ። ከብት ያልሆነ፣ መሬት ያልሆነ፣ እጅ የማይነካው ምን ገንዘብ ነው አልሁ። እሱም ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ገንዘቡ ስልኩ ውስጥ አይደለም ያለው፤ በዓለም ኮምፒውተር ሁሉ ላይ ተጽፎ የሚኖር ሣጥን አለ፤ ሣጥኑን የሚከፍተው ሃያ አራት ቃል ነው። ቃሉን በተራው የያዘ ሰው ባለቤት ነው። መታወቂያ አይጠየቅም፣ ፊርማ አይታይም። ሌባ ቢወስደው የሚከሰስበት ዳኛ የለም፣ ባለቤቱ ቢረሳው የሚያስታውሰው ሥራ አስኪያጅ የለም።

ቃሉ በእንግሊዝ ፊደል ነው፤ እኔ ደግሞ የእንግሊዝ ፊደል ከአጥር እንጨት አልለይም። ይህን ያውቅ ነበርና፣ ከሁለት ዓመት በፊት ለዕረፍት ሲመጣ በቃሉ ፈንታ ቁጥር ጻፈ። እያንዳንዱ ቃል ሰው ሁሉ በሚያገኘው ዝርዝር ላይ ቁጥር አለው አሉ። ቁጥር እኔም አነባለሁ።

ሃያ አራቱን ግን ለእኔ ብቻ አልሰጠኝም። አያቴ ጠገራ ብር በገንቦ ሞልቶ ቀብሮ ለማንም ሳይናገር የሞተ ሰው ነው። አባቴ ጓሮውን ቆፈረ፤ እኔም በተራዬ ቆፈርሁ፤ ያገኘሁት ድንጋይና የአይጥ ጉድጓድ ነው። አበጀ ይህን እየሰማ ነው ያደገ። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር ይጠፋል፣ አንድ ቦታ ሙሉውን የተቀመጠ ነገር ደግሞ ይሰረቃል ብሎ ለሁለት ከፈለው። አሥራ ሁለቱን ለእኔ፣ አሥራ ሁለቱን ለአክስቱ ሰጠ። ሁለቱ ወረቀት ባንድ ቤት እንዳያድር ብሎ አስጠነቀቀን።

«ከሁለታችን አንዳችን ብንሞትስ?» አልሁት።

«አትሙቱ» አለኝ፣ ሳይስቅ።

አክስቱ ማለት ታናሽ እህቴ ጠጄ ናት። እዚህ ላይ እጄ ይከብደኛል። ጠጄ በወጣትነቷ ቻግኒ ገበያ ስትመላለስ፣ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ሰይድ የሚባል እስላም አገባችና እዚያው ቆላ ቀረች። እኔ ሠርጓ ላይ አልሄድሁም። ቤቷንም አልረገጥም አልሁ፤ ያልሁትን የማልመልስ ሰው ነኝና ሠላሳ ስድስት ዓመት አልረገጥሁም። እናታችን ስትሞት መጥታ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ አለቀሰች። ምግብ ሳይቀርብ ተነሥታ ሄደች። ቆዪ አላልኋትም። እንግዲህ ይኸው ነው።

በዚህ በጥቅምት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ አበጀ በሰው ስልክ ደወለ። ስልኩ ተሰርቋል። ሌባው የሣጥኑን መቆለፊያ እስኪሰብር ድረስ ነው ጊዜ ያለን፤ አበጀ ቀድሞ ሃያ አራቱን ካገኘ ግን አዲስ ሣጥን ከፍቶ ገንዘቡን ያዛውራል። ወደ አገሩ የሚመለሰው በዚያ ገንዘብ ነው። ክፍሉ ውስጥ አማርኛ የሚሰሙ ስድስት ሰዎች ስላሉ ቁጥሩን በአገውኛ ንገረኝ አለ። «በአገውኛ ያልጠየቀህ ሰው ከእኔ የተላከ አይደለም» ብሎም አጠበቀ። የእኔን ድርሻ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ማሳ መካከል ቆሜ፣ ከፈረሴ በቀር ሰሚ በሌለበት ነገርሁት። የጠጄን ድርሻ በምን እንደሚያገኘው ስጠይቀው፣ «አንተ ራስህ ሄደህ፣ ካጠገቧ ሆነህ አንብብልኝ» አለኝ። ሌላ ሰው እንላክ አልሁ። ሌላ ሰው አላምንም አለ። ግትርነቱ ከማን እንደመጣ ስለማውቅ እሺ አልሁ።

ሰኞ

ወረቀቴን እቤት ትቼ፣ ማዳበሪያ ሙሉ ድንች አስጭኜ ወጣሁ። ቆላ ድንች እንደኛ አይሆንም ሲሉ ስለምሰማ ነው። እስከ ዳንግላ በፈረስ ሄድሁ፤ ፈረሴን የማውቀው ነጋዴ ጓሮ አሰርሁና መናኸሪያ ገባሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ እንደ ወትሮው መንገዱ ክፍት ነው ወይ ነው። ክፍት ነው አሉኝ። ሚኒባሱ ግን እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ረዳቱ «አባባ፣ ድንቹ ወንበር ይዟልና ይክፈል» አለኝ። ድንቹ ወንበር ላይ ከተቀመጠ እኔ መሬት እቀመጣለሁ ብዬ መሬት ቁጭ አልሁ። አፍሮ አነሣኝ።

ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ያለው መንገድ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ አበጀ ሲመረቅ ሄጃለሁ። ያኔ ማሳ የነበረው አሁን ሁሉ ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ ሆኗል። ገበሬው ተክሎ፣ ቆርጦ፣ አክስሎ፣ ከሰሉን በማዳበሪያ አስፋልት ዳር ደርድሮታል። እኛ ዘንድ ያ ሁሉ መሬት ጤፍና ዳጉሳ ነው። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ከጤፍ ይሻላል ብሎ ሲነግረኝ አልተከራከርሁትም፤ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። በዚህ መንገድ አበጀ ሻንጣውን ይዞ ሲሄድ የት ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ዞሮ ይሆን እያልሁ የየቀበሌውን መታጠፊያ አያለሁ።

እንጅባራ ስንደርስ ይዘንብ ነበር። እንጅባራ ብርድ ነው፤ እኛም ደጋ ነን ስንል እነሱን አላየንም። በቀርቀሃ የተሠራ ወንበርና መደርደሪያ ዝናብ ሲመታው መንገድ ዳር አይቼ፣ ለጠጄ አንዱን ልግዛላት ይሆን አልሁና መልሼ ተውሁት። ምን ቤት እንዳላት እንኳ አላውቅም።

ያረፍሁበት ቤት አሳዳሪዋ አንዲት መልካም ሴት ናት። ልብሴ መራሱን አይታ ሳልጠይቃት ሁለተኛ ብርድ ልብስ ሰጠችኝ፤ ጋቢዬን እምድጃው አጠገብ ዘረጋችልኝ። የስልኬ ባትሪ አልቆ ነበርና እመደርደሪያዋ ላይ ሰካችልኝ። ከልጄ ዘንድ የሚደወል ካለ እንዳያመልጠኝ እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ሽሮዬን በላሁ።

ገና እጄን ሳልታጠብ ስልኩ ጮኸ። ድምፁ የማላውቀው ነው፣ የሚጣፍጥ አነጋገር።

«አባባ፣ የአበጀ ጓደኛ ነኝ። አበጀ ታሞ ሆስፒታል ገብቷል። የምስጢር ወረቀቱ እርስዎ ጋ ነው አይደል? አሁን ካላነበቡልኝ ገንዘቡ ሊጠፋ ነው።»

ታሟል ሲለኝ ከበርጩማው ተነሣሁ። ወረቀቱ ያን ጊዜ እጄ ላይ ቢሆን ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። እግዜር ይመስገን እቤት ነው። ምኑን ነው ያመመው ብዬ በአገውኛ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ደግሜ ጠየቅሁት።

«ኔትወርኩ ነው አባባ። በአማርኛ ይናገሩ።»

«ኔትወርኩ ደኅና ነው» አልሁት። «ያልሰማኸው አንተ ነህ።»

ዘጋሁበት። ወዲያው ደግሞ ደወለና ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ አለኝ። ስልኬ የሚያውቀው መደወልና እንደ ባትሪ ማብራት ብቻ መሆኑን ነገርሁት። ሦስተኛ ሲደውል አሳዳሪዋ ከእጄ ወስዳ አጠፋችው። የእህቷን ልጅ እንዲህ ባለ ጣፋጭ አፍ «የደረሰህን ቁጥር ላክልኝ» ብለው ቴሌግራሙን እንደወሰዱበት፣ ከዚያም በእሱ ስም ዘመዱን ሁሉ ብር እንደለመኑ አወራችኝ። ቻርጅ ላደረገችበት ብከፍላት እምቢ አለች።

ሌባ መሆኑን አውቄአለሁ። ነገር ግን ታሟል ያለኝ ነገር ከልቤ አልወጣ አለኝ። አበጀ የሚደውልበት ስልክ የሰው ነው፤ እሱ ካልደወለ እኔ የማገኝበት መንገድ የለም። ሰው ልጁ ታሞ እንደሆነ ከሌባ አፍ ሰምቶ፣ እውነት ይሁን ውሸት የሚጠይቀው ሰው ሲያጣ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

ማክሰኞ

በባጃጅ መናኸሪያ ሄጄ የቻግኒውን አውቶቡስ ያዝሁ። ጥርባ አጠገብ ያለውን ሐይቅ ሳታይ እንዳትመለስ ያላችሁኝ ሰዎች፣ አላየሁትም። በሌላ በኩል ነው።

ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ መንገዱ ይወርዳል፣ አሁንም ይወርዳል። መጀመሪያ ጉም ነበር፤ ቀጥሎ ጉሙ ከበላያችን ቀረ። ሰው ሁሉ ልብሱን እያወለቀ ሲሄድ እኔ ጋቢዬን አላወልቅም ብዬ ተቀመጥሁ። ላቤ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ «አባቴ፣ ከማን ጋር ተጣልተው ነው?» አለችኝ። አወለቅሁ። እዚያው መታጠፊያ ላይ ማዳበሪያው ተቀደደና ድንቹ እስከ ሾፌሩ እግር ተንከባለለ። ሾፌሩ ፍሬን ይዞ አቆመ፤ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ጎንበስ ብሎ ለቀመልኝ። አንዷ ነጠላዋን፣ አንዱ ኮፍያውን እየሞሉ አመጡልኝ። አንዲትም የጎደለች አይመስለኝም። ለማን ነው የሚሄደው ሲሉኝ ለእህቴ አልሁ። ይህን ቃል ከአፌ ካወጣሁ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ ያን ጊዜ አሰብሁ።

ቻግኒ ሙቀት ነው፣ አቧራ ነው፣ የእህል መጋዘን ነው። እኛ ዘንድ ሰው በጥቅምት እሳት ይሞቃል፤ እዚያ ጥላ ይሻማል። ከከተማው ወረድ ያለው የሰፈራ መንደር ድረስ በባጃጅ ሄድሁ። ሾፌሩ የማን ቤት እንደሆነ ሲጠይቀኝ የሰይድን ስም ጠራሁ። ማንጎ ዛፉ ትልቁ ሰይድ ነው ብሎ ሳይሳሳት አደረሰኝ።

ሰይድን ከእናታችን ለቅሶ ወዲህ አላየሁትም። ያኔ ከአጥር ውጭ ቆሞ ነበር። አሁን ሸብቷል፣ ሽበቱ ከእኔ ይብሳል። ጠጄ ገበያ ናት። ከባጃጁ ስወርድ አየኝ። ከዚያ መጥቶ ድንቹን ከትከሻዬ ተቀበለኝ።

«ጋሽ ታከለ፣ እንኳን በደኅና መጡ» አለኝ፣ ባለፈው ሳምንት የተለያየን ይመስል። ለምን መጣህ አላለኝም። ለምን እስከዛሬ ቀረህ አላለኝም። ውኃ አምጥቶ እግሬን ራሱ አጠበኝ፤ ተው ብለው አልሰማም። እኔ ለመቆጣት ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት፤ የምቆጣበት ነገር አጣሁ።

ቀጥሎ ከምሰሶው ላይ ክዳን ያለው ነጭ ድስት አወረደ፣ ዶሮ ከጓሮ ያዘ፣ ሁለቱንም ይዞ ወደ ጎረቤት ሄደ። ጎረቤቶቹ እንደ እሱ ከወሎ የመጡ ክርስቲያኖች ናቸው። ሰውየው ዶሮዋን በስመ አብ ብሎ ባረከ፤ ሚስቱ እቴ ብርቄ በዚያው ድስት ልትሠራት ወሰደች። እስላም ያረደውን እንደማልበላ ሰይድ ሳልናገር ያውቃል። ነገ ረቡዕ ጾም ስለሆነ ዛሬውኑ ይድረስ ሲላትም ሰማሁት። ጾማችንን ከእኔ ቀድሞ አሰበልኝ።

ጠጄ ስትገባ ራስ ማሰሪያዋን አስተካክላ፣ ጭነቷን አውርዳ፣ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«አያ» አለችኝ። «መንገዱ ሠላሳ ስድስት ዓመት ፈጀብህ?»

ተነሥቼ አቀፍኋት። ተሳስመን ጨረስን። አይኗ ግን ከትከሻዬ በላይ ምሰሶውን ሲያይ ፊቷ ተለወጠ።

«ድስቱስ?»

ሰይድ ለእንግዳው እንዲሠራበት ለጎረቤት እንደሰጠው ሲነግራት ጭንቅላቷን ያዘች። ወረቀቱ የነበረው እዚያ ድስት ውስጥ ነው።

ነገሩን ላስረዳ። ድስቱን ጠጄ የገዛችው በተጋቡ ዓመት ነው፤ ለእኔ። ወንድሜ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሲመጣ የእኛ ሥጋ ያልነካው ዕቃ ያስፈልገዋል ብላ። በየዓመቱ ለመስቀል ታጥበዋለች፣ መልሳ ትሰቅለዋለች። ማንም አይሠራበትም፣ ማንም አይከፍተውም። አበጀ ለዕረፍት መጥቶ ሲጠይቃት ይህን አየና ከዚህ የተሻለ መደበቂያ በዓለም የለም ብሎ ወረቀቱን እዚያው እንድታስቀምጠው ነገራት። እውነቱን ነው። ልጆቿ እንኳ አይነኩትም። ሰይድም ወረቀት እንዳለ አያውቅም፤ ምስጢር ነዋ። ድስቱ የተጠበቀው ግን ለእኔ ነው፤ እኔ ስመጣ ደግሞ መውረዱ ግድ ነው። ይህን እሷም አበጀም አላሰቡትም። ለካ አይመጣም ብለው ነው የቆረጡት።

እየሮጥን ሄድን፤ እኔም ሮጥሁ ልበል። እቴ ብርቄ ሽንኩርት እያቁላላች ነበር። ጠጄ ስትጠይቃት እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«አዎ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ነበረ። ፈትቼ አየሁት። ስም የለው፣ ጸሎት የለው፣ ቁጥር ብቻ። በእንግዳ ድስት ውስጥ ቁጥር ምን ይሠራል? ድግምት መስሎኝ ጠበል ረጭቼ ማንጎው ሥር ቀበርሁት።» ወደ እኔ ዞረች። «ለእርስዎ ብዬ ነው አባቴ፣ ክፉ ነገር እንዳይነካዎ።»

እንግዲህ ይህችን ሴት ምን ትላታለህ? ለእኔ ብላ ነው።

ሰይድ መቆፈሪያ አመጣ። ድግምት ነው ወይስ አይደለም ብሎ እንኳ አልጠየቀም፣ ጠጄ ስላለቀሰች ቆፈረ። ሲቆፍር አያቴን አሰብሁ፣ አባቴን አሰብሁ። እቴ ብርቄ ቦታውን እያምታታች፣ ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ወጣ። ፕላስቲኩ ተፈትቶ ስለነበር ወረቀቱ ርሷል፤ ቁጥሮቹ ግን አሉ። አንዱ ቁጥር ብቻ መጨረሻው ጠበል ወስዶት ሰማያዊ ጠብታ ሆኗል። በእኛ ዘር ተቀብሮ የተገኘ ገንዘብ ቢኖር ይህ የመጀመሪያው ነው።

ዶሮው ሲደርስ ሁለት ገበታ ቀረበ። አንዱ የእኔ ነው፤ አንዱ የእነሱ ሽሮ። ጎን ለጎን ተቀምጠን እንበላለን። የድስቱን ክዳን ጠጄ ራሷ ከፈተች። እሷ አትቀምሰውም፤ እኔ ስበላ ታያለች። ጨው በዝቶ ነበር። አልተናገርሁም፤ ሁለት ጊዜ አስጨመርሁ። ሰይድ ስለ ማሽላው፣ ስለ ሰሊጡ ያወራኛል። ቤቱ ውስጥ እህቴን በእስላም ስሟ ዘይነባ ነው የሚላት። እኔ ጠጄ እላታለሁ። ለሁለታችንም አቤት ትላለች።

ረቡዕ

መንደሩ ውስጥ ኔትወርክ የሚይዘው ከጉብታው ላይ አንድ ዋርካ ሥር ብቻ ነው። ጠዋት እኔና ጠጄ ብቻችንን ወጣን። አበጀ ከሥራ የሚወጣበትን ሰዓት ጠብቀን በሣር ላይ ተቀመጥን። ከዚያ ቆላው ሁሉ ይታያል፣ እኛ የመጣንበት ደጋ ደግሞ በስተኋላ እንደ ደመና ነው። ጠጄ በዚያ በኩል ሲዘንብ ሁልጊዜ እንደምታየው ነገረችኝ። እኔ ታች ቆላውን አይቼ አላውቅም ነበር፤ ከእኛ አይታይማ።

ሲደውል መጀመሪያ የጠየቅሁት ጤናውን ነው። ደኅና ነኝ አለ፤ አልታመመም። ስለ ሌባው ነገርሁትና ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቆመ። ቀድሞ እኛን መፈለግ ከጀመረ መቆለፊያውን ገና አልሰበረም ማለት ነው አለ።

ወረቀቱን ይዤ ልጀምር ስል የረጠበው ቀለም ለዓይኔ አልለይ አለኝ። አንዱን ሁለት ጊዜ ተሳሳትሁ። ጠጄ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና ማንበብ ጀመረች፤ በአገውኛ፣ አንድ በአንድ፣ ሳትደናቀፍ።

ይህን እንዴት እጽፈዋለሁ? ቁጥር ብቻ ነው። ሺህ፣ መቶ፣ አሥር። ነገር ግን የእናታችን ድምፅ ነው። እናታችን ከብቶቹ ማታ ሲገቡ በረቱ በር ላይ ቆማ እንደዚያ ነበር የምትቆጥር፣ እንደዚያ መጨረሻውን እየጎተተች። ጠጄ ከቤቷ አገውኛ የሚሰማት ሰው የለም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ቋንቋውን ከማን ጋር እንዳቆየችው አልጠየቅኋትም። አበጀ ከዚያ ማዶ እየደገመ ይመልሳል። እኔ በመካከል ዝም ብዬ ስልኩን ይዣለሁ። ጠበል የወሰደው ላይ ስትደርስ መጨረሻው የለም አለችው፤ እሱም ከዜሮ እስከ ዘጠኝ እየቀያየርሁ እሞክራለሁ፣ አይቸግርም አለ።

ዘጋና ጠበቅን። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ።

«አንቺ ቁጥር ታነቢያለሽ?»

«እህል ስሸጥ የኖርሁ ሰው ሚዛን አላነብም?»

«የሰይድም ስልክ አለ።»

«አለ።»

«ታዲያ ቅዳሜውኑ ለምን አልነገርሽውም?»

ጠጄ ሣር እየነጨች ነበር። «ልንገርህ ብዬው ነበር፤ ለምኜዋለሁ። ‹አባቴ አጠገብሽ ሳይኖር አልቀበልሽም› አለኝ። ሌባው ይቀድምሃል ብለው አልሰማ አለ።»

ቁጣዬ መጣ። የአራት ዓመት ላቡን፣ በሌሊት በር ላይ የቆመበትን፣ የመመለሻውን ገንዘብ፣ ሁሉን በእኔ መምጣትና አለመምጣት ላይ አስይዞታል። እኔ ደግሞ እሑድ ዕለት ሌላ ሰው እንላክ ስል ነበር። ሲደውል ልናገረው ተዘጋጀሁ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ደወለ። ተከፈተ አለ። ወደ አዲሱ ሣጥን ተዛውሯል፤ አሮጌው ባዶ ነው፤ ወረቀቶቹን አቃጥሏቸው። ጠጄ እልል ልትል አፏን ከፍታ ተወችው።

«አንተ ልጅ» አልሁት። «ሌባው ቢቀድምህስ?»

«ገንዘብ እንደገና ይሠራል፣ አባዬ» አለኝ። የቀረውን አልተናገረም። እኔም አልጠየቅሁትም።

አዲሱ ሣጥን አዲስ ሃያ አራት ቁጥር አለው። የመጀመሪያውን አሥራ ሁለት ለእኔ በአገውኛ ነገረኝ፤ ጠጄ እንዳትሰማ ወደ ታች ወረደች። ቀጥሎ ስልኩን ለእሷ ሰጥቼ እኔ ወደ ታች ወረድሁ። ከዚያ ዞሬ አየኋት። ዋርካው ሥር ብቻዋን ጎንበስ ብላ ትጽፋለች። ገና ትናንት ተገናኝተን፣ ዛሬ አንዳችን የሌላውን እንዳንሰማ ተራርቀን ቆመናል። የልጄ ሥራ እንደዚህ ነው።

አሮጌውን ወረቀት እዚያው አቃጠልነው። አበጀን መቼ ነው የምትመጣ ብዬ ጠይቄው ነበር፤ ውሉ ሲያልቅ አለ። ውሉ መቼ እንደሚያልቅ አልነገረኝም።

ሐሙስ

ስነሣ እቴ ብርቄ ይቅርታ ልትጠይቀኝ መጣች። ምን አጠፋሽ ብዬ ሳምኋት። ሰይድ በድንቹ ማዳበሪያ ለውዝ ሞልቶ፣ ቀዳዳውን በመርፌ ሰፍቶ ሰጠኝ። ጠጄ እስከ ባጃጁ ሸኘችኝ። ቆዪ ያላልኋት ሴት ቆይ አለችኝ። ፈረሴ የሰው ጓሮ ነው፣ አዝመራውም ደርሷል አልኋት። እውነት ነው፤ ግን ልቆይ እችል ነበር።

አውቶቡሱ ወደ ላይ ሲወጣ ሰው ልብሱን እየደረበ ሄደ። እንጅባራ ላይ ያችን አሳዳሪ ጎራ ብዬ ለውዝ ዘገንሁላት። ዳንግላ ገበያ ገብቼ አንድ ዕቃ ገዛሁና ፈረሴን ፈትቼ ገባሁ።

ልጅ ዐረብ አገር ያላችሁ ሰዎች ይህን ስሙ። ቃሉን ወይም ቁጥሩን ጠይቆ የሚደውል ሰው፣ ስሙን ቢያውቅም፣ ታሟል ቢላችሁም፣ ሌባ ነው። እውነተኛው ልጃችሁ ብቻ የሚመልሰው ነገር አስቀድማችሁ ተስማሙ። በፎቶ አትላኩ። ሁሉንም ባንድ ቦታ አታስቀምጡ። የምታምኑት ሰው ቤት ሩቅ ቢሆን እንኳ መንገዱን እወቁት።

የገዛሁት ዕቃ ምን እንደሆነ የምትጠይቁኝ፣ ድስት ነው። ክዳን ያለው፣ አዲስ። እሳት አልነካውም፣ የእኛም ሥጋ አልነካውም። ዳንግላ የማውቀው እስላም ነጋዴ አለ፤ ጠጄና ሰይድ ሲመጡ መጥቶ ሊያርድልኝ ቃል ገብቷል። ለገና ቢሉ፣ ለረመዳን ፍቺ ቢሉ፣ መቼም ይምጡ።

ምሰሶው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ቁጥሮቹ እዚያ ውስጥ አሉ ብሎ ማንም እንዳይደክም፤ ሌላ ቦታ ናቸው። ድስቱ ባዶ ነው። በየጠዋቱ ግን ክዳኑን አንሥቼ አቧራውን እጠርጋለሁ።